ንዴት በሄልሲንኪ፦ የአንድ ሊኑክስ ጀማሪ ማስታወሻ

ሐካኒየሚ

በታኅሣሥ ሄልሲንኪ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 9 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። ባለችበት ጊዜም ቢሆን ከጣሪያ ብዙም ከፍ አትልም፤ በስተደቡብ በኩል ጥግ ጥጉን ሄዳ ትገባለች። የከተማው ሰው በዚህ አይደነግጥም። በየመስኮቱ መብራት ያንጠለጥላል፣ ቡናውን ደጋግሞ ይጠጣል፣ ትራም ሲጠብቅ ከጎኑ ካለው ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ ይቆማል። እኔ ሰላምታ ላይ ቤተሰብ ሁሉ በየስሙ ከሚጠየቅበት አገር የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ደረጃ ላይ የማገኛቸው ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ሲያልፉኝ፣ ምን አስቀይሜያቸው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ይዤው የመጣሁት ላፕቶፕ መንገድ ላይ ስክሪኑ ተሰንጥቋል። አዲስ ለመግዛት ኪሴ አልፈቀደም፤ ስለዚህ ከሐካኒየሚ አደባባይ ብዙም ከማይርቅ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ያገለገለ ገዛሁ። ዋጋው ርካሽ፣ አካሉ ጠንካራ ነው። ሻጩ «ሊኑክስ ነው ያለበት፤ ጥሩ ይሠራል» አለኝና ደረሰኙን ሰጥቶኝ ዝም አለ። ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና እዚሁ ከተማ ውስጥ መወለዱን ሰምቼ ስለነበር እንዲያውም ደስ አለኝ። የምፈልገው ነገር ደግሞ ትንሽ ነው፤ አማርኛ መጻፊያ። አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ጽሑፍ ስለነበረ፣ ማታውኑ መጻፊያውን ጭኜ ጠዋት ሥራ እጀምራለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ካሊዮ

አዲስ አበባ ሶፍትዌር መጫን የባለቤቱ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተር ቤት አለ፤ ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ልጁ አለ። «ፎርማት አድርግልኝ» ትለዋለህ። ማኪያቶ ጠጥተህ ስትመለስ ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ የአማርኛ መጻፊያውም፣ ያላዘዝከው የፊልም ማጫወቻም ተጭኖ ይጠብቅሃል። ከየት መጣ? ከልጁ ፍላሽ። ፍላሹ ላይስ ከየት መጣ? ይህን የሚጠይቅ የለም። ክራክ የተደረገ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከነቫይረሱ ተቀብለን እንሄዳለን። ሲበላሽ መልሰን ወደ ልጁ ነው።

ካሊዮ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ግን ልጁ የለም። የለመድኩትን አደረግሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ፣ አውርጄ፣ ሁለቴ ጠቅ። ያወረድኩት የዊንዶውስ ፋይል ኖሮ፣ ማሽኑ ምን እንደሚያደርገው እንደማያውቅ ነገረኝ። ለሊኑክስ የሚሆን ፕሮግራም ስፈልግ ደግሞ አንዱ ፕሮግራም በስድስት ዓይነት ቀረበልኝ፤ ዴብ፣ አርፒኤም፣ ስናፕ፣ ፍላትፓክ፣ አፕኢሜጅ፣ ታር። ምረጥ ይላል። በምን ልምረጥ? ዴብ የደቢያን ዘር ለሆኑት፣ አርፒኤም ለሬድሃትና ለመሰሎቹ፣ ስናፕና ፍላትፓክ ከየትኛውም ዘር ቢሆኑ እንዲሠሩ ተብለው በኋላ የመጡ መሆናቸውን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ማታ ግን ስሙ አጭር ነው ብዬ ታርን መረጥኩ።

ታሩ ሲፈታ የወጣው ፕሮግራም ሳይሆን ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ነው። መመሪያው አዋቅር፣ አጠናቅር፣ ጫን ይላል። ላዋቅር ስል ማጠናቀሪያ የለህም አለኝ። ማጠናቀሪያውን ባገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት ጎድሎሃል አለኝ፤ ፕሮግራመሮች ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበትን ቁርጥራጭ ኮድ እንዲህ ነው የሚጠሩት። እሱን ፍለጋ ስሄድ እሱም በተራው ሌላ ይፈልጋል። እኩለ ሌሊት ላይ ከየት ተነስቼ የት እንደምሄድ ጠፋኝ።

በበነጋታው ያንን ትቼ ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናሉን ከፈትኩ። በየቦታው የሚመከረው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» እያሉ የፕሮግራሙን ስም ማስከተል ነው። ሱዶ ማለት የሚከተለውን ትዕዛዝ በማሽኑ አዛዥ ሥልጣን ፈጽም ነው፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ነጥብ የለም፣ ኮከብ የለም፣ ጠቋሚዋ እንኳ አትንቀሳቀስም። ኪቦርዱ ተበላሸ ብዬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ደበደብኳቸው። ለካ የይለፍ ቃሉ ስንት ፊደል እንደሆነ ከኋላ የቆመ ሰው እንዳያይ ታስቦ ነው።

የይለፍ ቃሉን ሲቀበለኝ ደግሞ ሌላ መጣ፤ የመጫኛው ቁልፍ በሌላ ሥራ ተይዟል አለኝ። ይሄኔ ቆሽቴ አረረ። ማሽኑ የእኔ፣ ክፍሉ የእኔ፣ ከእኔ በቀር ሰው የለ፤ ማን ነው የያዘው? ነገሩ የገባኝ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሳየው ነው። በሩ ላይ የሰዓት ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ተራውን የያዘ ሰው ልብሱን እስኪያወጣ ሌላው አይገባም። ማሽኑም ጠዋት ሲከፈት ራሱን በራሱ ለማደስ እየሞከረ ኖሯል። ሁለት መጫኛ በአንድ ጊዜ ያንኑ መዝገብ ቢነካካ መዝገቡ ስለሚበላሽ፣ የቀደመው እስኪጨርስ ቁልፉን ይዞ ይቆያል። መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። አንድ ፋይል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር አዘዝኩ፤ ማሽኑ ምንም ሳይመልስ ባዶ መስመር ሰጠኝ። ተሳካ? አልተሳካም? ዊንዶውስ ቢሆን «ተጠናቋል» ይለኛል፣ መስኮት ይከፍትልኛል። እዚህ ሥራው ከተሳካ ዝም ነው፤ የሚናገረው ሲበላሽ ብቻ ነው። እንግዲህ የፊንላንድ ሰው የሠራው ማሽን እንደ ፊንላንድ ሰው ዝም ቢል ምን ይገርማል ብዬ ለጓደኞቼ ጻፍኩላቸው። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ እውነት ግን አይደለም። ሊኑክስ ዝምታውን የወረሰው ዩኒክስ ከሚባል ቀደምት ስርዓት ነው። ዩኒክስን በ1969 (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መሥራት የጀመሩት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በቤል ቤተ ሙከራ ነበሩ። ያኔ ማሽኑ የሚመልሰው በስክሪን ሳይሆን ወረቀት ላይ እየተንቀራፈፈ በሚያትም ቴሌታይፕ ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ቃል ወረቀትና ጊዜ ይፈጃል። የማያስፈልግ ወሬ እንዲቀር የተደረገው ለዚህ ነው። ጎረቤቶቼም ቢሆኑ ተቀይመውኝ አልነበረም። አንድ ቀን የመግቢያው በር ቁልፍ አልከፍት ሲለኝ አንደኛዋ ያለምንም ንግግር ከፍታልኝ፣ እስክገባ በሩን ይዛ ጠብቃኝ ሄደች።

ሐካኒየሚ፣ የገበያው አዳራሽ

በ1914 የተከፈተ ትልቅ የጡብ አዳራሽ ነው። ምድር ቤቱ የዓሣ፣ የሥጋ፣ የአጃ ዳቦ፣ የሳልሞን ሾርባ ነው። እዚህ ቀጠሮ የሰጡኝ አንድ አበሻ ናቸው፤ ፊንላንድ ወልደው አሳድገው የልጅ ልጅ ያዩ፣ ዕድሜያቸውን የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። እዚህ ያለው አበሻ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ያገኘሁትን ትዕዛዝ ሁሉ ጻፍኩ፤ እምቢ አለኝ።»

«ምን ብሎ ነው እምቢ ያለህ?»

«እንጃ። ብዙ ነገር ይላል።»

«ብዙ ነገር እያለህ ለምን አትሰማውም? እስኪ አሳየኝ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና የተቆለለውን ጽሑፍ ወደ ላይ ወደ ላይ ገፉት።

«ይቺ መስመር ምን ትላለች?»

«ፓኬጁን ማግኘት አልተቻለም።»

«ሰደበችህ?»

«ኧረ አልሰደበችኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው ምን ያናድድሃል? ወይ ስሙን አሳስተህ ጽፈሃል፣ ወይ ዝርዝርህ አርጅቷል፣ ወይ ዕቃው ያለበት ክፍል አልተከፈተም። ከሦስቱ አንዱ ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩን አድስ።»

«አፕት አፕዴት» የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ፤ ስክሪኑ ላይ አድራሻዎች ተግተለተሉ። ከዚያ ያንኑ እኔ ስጽፈው የከረምኩትን ትዕዛዝ ደገሙት፤ ያለምንም ማጉረምረም ተጫነ። ማሽኑ መደብር ውስጥ ተቀምጦ በቆየበት ጊዜ ዝርዝሩ አርጅቶ፣ እኔም አሮጌው ዝርዝር ላይ የሌለ ዕቃ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ቡናችንን እየጠጣን ያስረዱኝን እንዲህ አጠር አድርጌ ልጻፈው። ደቢያንና ከሱ የተወለዱት፣ ኡቡንቱም ሚንትም፣ ሶፍትዌር የሚያመጡት ከየቦታው ሳይሆን ሪፖዚተሪ ከሚባል የጋራ ማከማቻ ነው። የደቢያን ማከማቻ ከ60,000 በላይ ፓኬጆች፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጁ የሶፍትዌር ጥቅሎች፣ አሉት። እያንዳንዱ ፓኬጅ ስሙንና የእትም ቁጥሩን፣ እንዲሁም ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። መጫኛው አፕት ያንን ዝርዝር ያነባል፤ አንዱን ስታዝ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ለቅሞ ያመጣል። እኔ ያን ሌሊት ስዳክርበት ያደርኩበትን ሥራ ማለት ነው። የማከማቻው ዝርዝር ደግሞ በዲጂታል ፊርማ ስለታተመ፣ መንገድ ላይ የነካካው ሰው ካለ አፕት አይቀበለውም። ከእያንዳንዱ ፓኬጅ ጀርባም ኃላፊነቱን የወሰደ፣ በስሙ የሚታወቅ ሰው ወይም ቡድን አለ።

«እና ከልጁ ፍላሽ ጋር አንድ ነው?» አሉኝ ጋሼ፣ እየሳቁ።

«ልጁ ግን ጋሼ፣ ሲያስቸግረኝ ይሰማኝ ነበር። ይሄኛው ማንን ልናደድበት?»

«እንኳን ተናደድክ። ይህ ሁሉ ነገር የተሠራው በተናደዱ ሰዎች ነው። ደቢያን ራሱ ምን ይመስልሃል?»

ነገሩን ቤቴ ገብቼ አጣራሁት። በ1993 ኢያን መርዶክ የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ፣ ኤስኤልኤስ የተባለውን የሊኑክስ ስብስብ ይጠቀም ነበር። ስብስቡ በስህተት የተሞላ፣ የሚንከባከበው ያጣ ነው። መርዶክ አስተካክለዋለሁ ብሎ ቢጀምር እንደማይሆን ስላየ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 16 ከባዶ ሌላ እንደሚሠራ አስታወቀ። ደቢያን እንዲህ ተጀመረ። ዕድሜው ያኔ 20 ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እንደኔው ፓኬጅ ከፓኬጅ ሲያሳድዱ ያድሩ ነበር፤ አፕት ከደቢያን 2.1 ጋር የደረሰላቸው በ1999 ነው። ማለት፣ እኔን ያናደደኝ ነገር ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አናዷል፤ አንዳንዶቹ ግን ንዴታቸውን ሥራ ሰጡት።

ኩምፑላ

ጋሼ «ኩምፑላን ሂድና እይ» ባሉኝ መሠረት ሄድኩ። ከመሃል ከተማ በስተሰሜን ያለ ኮረብታ ነው፤ የዕፅዋት መናፈሻ፣ በረዶ የለበሱ የእንጨት ቤቶች፣ አናቱ ላይ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ሕንፃዎች። የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ኤግዛክተም በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሐውልት አልጠበቅኩም፤ አላገኘሁም። ያገኘሁት በሊኑክስ ፈጣሪ በሊኑስ ቶርቫልድስ ስም የተሰየመ አንድ የመማሪያ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ስሙ አለ፤ ውስጡ ወንበርና ሰሌዳ። ተማሪዎቹ ጃኬታቸውን ሰቅለው፣ እርጥብ ጫማቸውን እየጎተቱ ይገባሉ።

ቶርቫልድስ ከስዊድንኛ ተናጋሪው የፊንላንድ ማኅበረሰብ ነው። ኮምፒውተር መነካካት የጀመረው የዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር በነበሩት አያቱ በሊዮ ተርንክቪስት ማሽን ላይ ነው። በ1991 መጀመሪያ ላይ አዲስ ፒሲ ገዛ፤ ሚኒክስ የሚባለውንም ስርዓት በፍሎፒ አስመጥቶ ጫነበት። ሚኒክስ አምስተርዳም ያስተምር የነበረው አንድሩ ታኔንባም ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ ብሎ የሠራው ነው። ቶርቫልድስ ከቤቱ ሆኖ በስልክ መስመር ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር መገናኘት ፈልጎ ነበር፤ የሚኒክስ መገናኛ ግን አላረካውም። ስለዚህ የራሱን ጻፈ። ከዚያ ፋይል ማውረድ ስለፈለገ ዲስክ የሚያነብ ጨመረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ መገናኛው ወደ ስርዓተ ክወና አደገ።

ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ወደ ሞደሙ እንዲደውል ሊያዝ ሲል ወደ ሃርድ ዲስኩ አስደወለው። የስልክ ማዞሪያው ትዕዛዝ የሚኒክሱ ክፍል ላይ ተጽፎ አበላሸው። ሚኒክስን መልሶ ከመጫን ይልቅ የራሱን ስርዓት መጨረስ መረጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1991 ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች በላከው መልእክት፣ የሚሠራው ነገር የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደሆነና ትልቅ እንደማይሆን ጽፎ፣ ሚኒክስ ላይ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ ጠየቃቸው። 21 ዓመቱ ነበር። ትልቅ አይሆንም ያለው ነገር ዛሬ በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ፤ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ ሁሉም የሚሠሩት በሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ለጀማሪው የሚጠቅመኝ ፈጣንነቱ ወይም ብዛቱ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ሰውየው የጠየቀው ምን እንደሚያናድዳቸው ነው።

ኦታኒየሚ

በሜትሮ ወደ ምዕራብ ባሕሩን ተሻግረህ ጥቂት እንደሄድክ ኤስፖ ከተማ፣ ኦታኒየሚ ትደርሳለህ። ዛሬ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያኔ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ቶርቫልድስ የመጀመሪያውን ኮድ ሰዎች እንዲያወርዱት በመስከረም 1991 ሲልክ፣ ሰርቨር ላይ ቦታ የሰጠው የዚህ ተቋም ሰው አሪ ሌምኬ ነው። ፈጣሪው ፍሪክስ ሊለው ያሰበው ሥራ የተቀመጠበትን አቃፊ ሊኑክስ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ቀጥሎ በነበረው ዓመት ቶርቫልድስ ኮዱን ሪቻርድ ስቶልማን ባዘጋጀው የጂፒኤል ፈቃድ ሥር አዋለው፤ ማንም ሰው ማየት፣ መቀየር፣ ማሰራጨት ይችላል፤ የቀየረውን ሲያሰራጭ ግን እሱም ኮዱን ክፍት ማድረግ አለበት።

የስቶልማንም ነገር ከንዴት ይጀምራል። በ1980 ገደማ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደ ኤምአይቲ ቤተ ሙከራ የመጣው አዲሱ የዜሮክስ ማተሚያ ወረቀት ሲያንቅ የሚናገር አልነበረም። ለድሮው ማተሚያ ስቶልማን ራሱ ማስጠንቀቂያ ጽፎለት ነበር፤ ለአዲሱ ግን ኮዱን የሚሰጠው ሰው አጣ። አንድ የማተሚያ ኮድ ተከልክሎ የጀመረ ቁርሾ በ1983 ጂኤንዩ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሆነ።

ኦታኒየሚ የሄድኩት ግን ለራሴ ጉዳይ፣ ዋይፋዬን ላስተካክል ነው። የላፕቶፔ ዋይፋይ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ጋሼ እንዳስረዱኝ ቺፑን የሚያንቀሳቅሰው ፈርምዌር የሚባል ኮድ ነው፤ የዚህ ቺፕ አምራች ደግሞ ኮዱን ክፍት አላደረገውም። ደቢያን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለውን ዝግ ኮድ ከመጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። መርሁ ክቡር ነው፤ ለጀማሪ ግን ወጥመድ ነው፤ ዋይፋይ የሚያሠራውን ፋይል ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልጋል። ይህንን የደቢያን አባላት በ2022 በድምፅ ወስነው ቀየሩት፤ ከ2023ቱ ደቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከመጫኛው ጋር ይመጣል። እዚያው ሆኜ ስልኬን ከማሽኔ ጋር በገመድ አገናኝቼ በስልኩ ኢንተርኔት ፈርምዌሩን ሳወርድለት ዋይፋዩ ተረጋጋ።

በነገራችን ላይ፣ በ2012 ቶርቫልድስ የሚሊኒየም ቴክኖሎጂ ሽልማትን ከጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ጋር በተካፈለበት ሰሞን፣ እዚሁ ኦታኒየሚ ንግግር አድርጎ ነበር። አንዲት ተሳታፊ ላፕቶፗ ላይ ያለው የግራፊክስ ቺፕ ከሊኑክስ ጋር እንዳልተስማማላት ነገረችው። እሱም አምራቹን ኤንቪዲያን ካሜራ ፊት ጣቱን ቀስሮ፣ እዚህ ልጽፈው በማልችለው ቃል ሰደበው። ነገሩ ጨዋነት የጎደለው ነው። ቢሆንም አንድ እውነት ይነግረኛል፤ ያቺ ሴት ጀማሪ ስለሆነች ወይም ስላልገባት አልነበረም የተቸገረችው። የሊኑክስ አባትም በዚያው ኩባንያ ይናደድ ነበር። ኩባንያው በ2022 ቺፖቹን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ ከፊሉን ክፍት አድርጓል።

ኦዲ

ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው የኦዲ ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2018 የተከፈተ፣ ጣሪያው እንደ ሞገድ የሚወርድ የእንጨትና የመስታወት ሕንፃ ነው። ፎቁ ላይ የስፌት መኪናና ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ አለ፤ አንዱ መጋረጃ ይሰፋል፣ ሌላው የተሰበረ የአሻንጉሊት ጎማ ያትማል። አማርኛውን እዚህ ሆኜ ልጨርሰው ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትናደድ ንዴቱ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ሰው መሃል ቁጭ ስትል ቢያንስ ድምፅህን ትቀንሳለህ።

አሁን ሥራውን ስለማውቅ ማከማቻው ውስጥ ፈለግሁ። የአቢሲኒካ ፊደል በዚያው አለ፤ በእጅ የተጻፈ ብራና መልክ ያለው ቆንጆ ፊደል ነው። የኖቶ ፊደልም አለ። አይባስ የሚባለው የቋንቋ መቀየሪያና የኢትዮጵያ ፊደል መጻፊያ ሰንጠረዡም አሉ። ሁሉም ተጫኑ፣ ማሽኑም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ አማርኛን ብፈልግ ግን የለም። ወጥቼ እንደገና ስገባ መጣ፤ እሱም ቢሆን ሦስት ነጥብ ካላት አንዲት ቁልፍ ጀርባ ነው።

መጻፊያው ሴራ በሚባለው ስልት ነው የሚሠራው። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች የግዕዝ ፊደልን በላቲን ፊደል ለመላላክ የቀመሩት ነው። ያኔ ኮምፒውተር ፊደላችንን አያውቅም ነበር። አንዱ ሶፍትዌር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆን እንደነበር ዕድሜያችን የፈቀደልን እናስታውሳለን። ዩኒኮድ በ1999 የሦስተኛው እትሙ አካል አድርጎ ለኢትዮጵያ ፊደል ቋሚ ቦታ ከሰጠ በኋላ ነው ይህ የቀረው። ሰላም ብዬ ጻፍኩ፤ ሰላም ብሎ ወጣ። ሊኑክስ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው አማርኛ ይህ ነው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ተርሚናሉን ከፍቼ አንድ ሌላ ነገር ልጭን ስል፣ መቀየሪያው አማርኛ ላይ እንደቆመ ኖሯል፤ የጻፍኩት ሁሉ «ሱዶ አፕት ኢንስታልል» እየሆነ በፊደላችን ተደረደረ። ማሽኑም ሱዶ የሚባል ትዕዛዝ እንደማያውቅ በትሕትና መለሰልኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። «የቋንቋ መጨመሪያዋን ቁልፍ እዚያ ጓዳ ውስጥ ማን ደበቃት?» አልኳቸው።

«ተደብቃለች እንዴ?» አሉኝ። «እኔ እኮ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው፤ የት እንዳለች እንኳ አላስተዋልኩም።»

ጋሼ ከእኔ በብዙ እጥፍ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቁልፏ መደበቋን ያወቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስለማላውቅ። ትንሽ ቆይቼ ስለምድ እኔም አላስተውላትም። መርዶክ ኤስኤልኤስን ቢለምደው ኖሮ፣ ቶርቫልድስም የሚኒክስን መገናኛ ታግሦ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። የጀማሪ ንዴት የት ጋ እንደጎደለ በትክክል የሚያሳይ፣ ግን ቶሎ የሚያልፍ ዕውቀት ነው። አንድ ሰው ሊጠግነው የሚችልበት ደረጃ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ አይታየውም። የአገር ማስታወሻም እንዲሁ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ሰው ዝም እንደሚል የሚጽፈው የዛሬ እንግዳ እንጂ የልጅ ልጅ ያየ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ሳልለምድ ጻፍኩት። የሊኑክስ ፕሮጀክቶች ስህተት ሪፖርት የሚደረግበት ቅጽ አላቸው፤ ጥያቄዎቹም አጫጭር ናቸው፤ ምን አደረግህ? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? በምትኩ ምን ሆነ? «አይሠራም» የሚል መልስ አይቀበሉም፤ ልክ እንደ ጋሼ ምን ብሎ እምቢ እንዳለህ ይጠይቁሃል። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ቤት ልጁን እንዲህ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ የልጁ ጥፋት አይደለም። ልጁ ራሱ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም።

ስለ ቁልፏ አንድ ሪፖርት ላክሁ። የማሽኔ የምርጫ ዝርዝር (ሜኑ) ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ስለሆነም፣ ያልተተረጎሙትን አርዕስቶች ዘርዝሬ ለትርጉም ክፍሉ ሌላ ጻፍኩ። ትርጉሙን የሚሠራ ደመወዝተኛ የለም፤ ግማሹ አማርኛ የሆነው አንዳንድ ሰዎች ማታ ማታ ቁጭ ብለው ስለሠሩት ነው። እስካሁን መልስ የመጣልኝ ለሁለተኛው ነው። የፕሮጀክቱ ሰው ስለ ሪፖርቱ አመስግኖ፣ ቡድኑ ውስጥ በአሁኑ ጊዜ አማርኛ የሚሠራ እንደሌለ ገልጾ፣ ትርጉሙን አንተ ብትልክልን ወዲያው እናስገባዋለን ይላል። ዝርዝሩን ከፍቼ ከላይ ጀምሬያለሁ።